ሳይሞት አይለቀስም

መተማ፣ ጥር 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ አለነ፤ ካሉበት ከገዳሪፍ።

እንደምን ሰንብተዋል? ያ ትኩሳት ለቀቀዎ ወይስ አሁንም በቀትር ይመላለስብዎታል? እኛ አለን። መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። አብዱልሀኪም ሰሊጡን ጭኖ እስኪሻገር ድረስ ወረቀት አምኜ የምሰጠው ሰው አጣሁ።

ውባንተን ስላልላክሁት መቆጣትዎ ተገቢ ነው፤ እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እቆጣ ነበር። ነገር ግን ከጥቅምት ወዲህ የየቤቱ ጎልማሳ ስም በጣሊያን ምሽግ ተመዝግቧል። አንዱ ከጠፋ ቤቱ ይቃጠላል፤ የቤቱ ሰው ይታሰራል። የውባንተ የቤቱ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። «አክስቴን አሳስሬ ወደ አባቴ አልሻገርም» አለኝ። ምን ልበለው? የእርስዎ ልጅ ነው፤ አንዴ ካለ አለ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ መጥቷል። ከሰው ሰምተው ከሚናደዱ ከእኔ ይስሙት። መጋቢት አንድ ቀን አፄ ዮሐንስ እዚህ የወደቁበት አምሳ ዓመት ይሞላል። አዲሱ የጣሊያን ሹም ይህን ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ጦርነቱን በዚያው ሜዳ ላይ እንደገና እንድንዋጋለት አዟል። እውነተኛ ውጊያ አይደለም፤ ጨዋታ ነው። ክርስቲያኑ የንጉሡ ጦር ይሆናል፣ እስላሙ ድርቡሽ። ከጎንደር እንግዶች ይመጣሉ፤ ሲኒማ የሚያነሣም ሰው ይመጣል አሉ።

ሹሙ ጎልማሶቹን በሰልፍ አቁሞ በቁመት መረጠ። ውባንተ ከሁሉ በለጠ። ንጉሡ እሱ ሆነ። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ከላምባ ጣሳ ዘውድ እየሠራለት ነው። ንጉሡን መትቶ የሚጥለው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የአብዱልሀኪም ልጅ፣ ዓሊ። እናቱ ሙሚና ሰምታ እየሮጠች መጣች። «የዚህ እናቱ ስትሞት በአንድ ጡቴ ዓሊን፣ በአንዱ እሱን አድርጌ ያሳደግኋቸውን ሊያጋድሉብኝ ነው?» ብላ ደጄ ላይ ቁጭ አለች። ልጆቹ ግን ይስቃሉ።

«ጃንሆይ፣ ሲወድቁ ቀስ ይበሉ፤ ይህ ሁሉ ቁመት እላዬ ላይ ካረፈ እኔም አልነሣ» ይላል ዓሊ።

«አንተ መጀመሪያ ሰይፍህን አያያዝ ልመድ፤ ማሽላ ልታጭድ የመጣህ ነው የምትመስለው» ይለዋል የእኛው።

ውባንተ ጉልበትዎን ስሟል። በእኔ በኩል ሐሳብ አይግባዎ።

እኅትዎ የሻረግ

*

ገዳሪፍ፣ ጥር 29 ቀን 1931 ዓ.ም.

እኅቴ የሻረግ፣

ትኩሳቱ ለቆኛል። በምትኩ ሌላ በሽታ ልከሽልኛል።

«ጨዋታ ነው» ብለሽ ጽፈሻል። ያን ቃል ከአፍሽ አውጪው። ጨዋታ ማለት ተጫዋቹ ሲሰለቸው ትቶት የሚሄደው ነው። ትቶ የሄደ የሚገረፍበት ነገር ሌላ ስም አለው። ያን ሜዳ ደግሞ አንቺም እኔም እናውቀዋለን። አባታችን እዚያ የቀረው እኔ የሦስት ዓመት ልጅ፣ አንቺ ገና በሆድ ሳለሽ ነው። ሬሳው አልተገኘም። ጉምሩክ ተሹሜ መተማ ስመጣ መጀመሪያ ያደረግሁት በዚያ ሜዳ ላይ ጫማዬን አውልቄ መሄድ ነበር፤ የትኛው ቋጥኝ ሥር እንዳለ ስለማላውቅ ሁሉንም እንደ መቃብር ቆጠርኩት። አሁን በዚያ ላይ ወንበር ደርድረው ሊቀመጡበት ነው።

የሚያሳዩትም ውሸት ነው። ንጉሡ በሜዳው ላይ ተደፍተው አልቀሩም። ድሉ ወደ እጃቸው ሲገባ ቆሰሉ፤ ወደ ድንኳናቸው ተወሰዱ፤ የሞቱት በኋላ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ሊያስተምሩት ይገባ ነበር። ሹሙ የሚፈልገው ግን ታሪኩን አይደለም። የሐበሻ ንጉሥ በአፍ ጢሙ ተደፍቶ እስላም ጎረቤቱ ሲረግጠው የሚያሳይ ሥዕል ነው የፈለገው። ሥዕሉ ሮማ ሲደርስ «እኛ ባንደርስላቸው ኖሮ ተፋጅተው ባለቁ» ይሉበታል። መተማ ላይ ደግሞ ዛሬ የሚስቁት ሁለቱ ልጆች ከርመው አይሳሳቁም። የድርቡሽን ግፍ አልረሳሁም፤ ጎንደር ስትቃጠል ያዩ ሰዎች ናቸው ያሳደጉኝ። አብዱልሀኪም ግን ድርቡሽ አይደለም። አገር ለቅቄ ስወጣ በግመሉ ጭኖ ያሻገረኝ ሰው ነው።

ለውባንተ ይህን አንብቢለት፤ ቃሌን ሳታለዝቢ። ዘውዱን ካስገደዱት ይድፋ። ሂድ ካሉት ይሂድ። አይውደቅ። በአያቱ አጥንት ላይ የእኔ ልጅ ለፈረንጅ መሳቂያ አይተኛም።

አዛናው ሰላም ብሎሻል፤ የሳንጃው ሰው፣ ግቢ የምንጋራው። እሱም ከእኔ ጋር አንድ ቃል ነው።

አለነ

*

መተማ፣ የካቲት 12 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለጋሼ አለነ፣

ለጤናዎ እንደምን ነዎት? ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሙሚና ወረቀቱን በጥድፊያ አጣጥፌ ሳስቀምጠው አይታ «ደብዳቤው ይፋጃል እንዴ?» አለችኝ።

ሹሙ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ገና አልጻፍሁልዎትም። ትናንት ያየሁትን ልንገርዎና ራስዎ ይፍረዱ።

ሜዳው ላይ ወስደው ሲያለማምዱን ዋሉ። ወንዶቹ ሽመል ተሰጣቸው፤ ጠመንጃ ማን አምኖ ይሰጠናል! ሴቶቹን ከጋባው ዛፍ ሥር ሰብስበው፣ ንጉሡ ሲወድቅ ደረት እየመታችሁ አልቅሱ አሉን። ጎረቤቴ ስመኝ፣ ምላሷን ያውቁታል፣ አስተርጓሚውን

«ማን ሞተና?» አለችው።

«ንጉሡ ነዋ።»

«ንጉሡማ ይኸው፣ ቆሞ ሽንብራ ይቆረጥማል።»

ውባንተ እውነትም ከዓሊ ጋር ቆሎ ይሻማ ነበር። ሴቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተርጓሚው ተቆጣ። «እንደ ለቅሶ ያለ ድምፅ አውጡ ነው የተባላችሁት! እንባ ማን ጠየቃችሁ?»

«አንተ ልጅ፣ እናት የለህም? ለቆመ ሰው ሙሾ አውርዳ በደኅና ቤቷ የገባች ሴት ታውቃለህ? ሳይሞት አይለቀስም። ሟርት ነው። ከፈለግህ እልል እንበልልህ፤ እሱን ያለ ዋጋ እናደርገዋለን» አለችው ስመኝ።

ሹሙ ሲተረጎምለት አልሳቀም። በዕለቱ ያለቀሰች ጨው ታገኛለች፣ ዝም ያለች ጅራፍ ታገኛለች አለ። ከዚያ ልጆቹን አሰለፈና ዓሊ ውባንተን እንዲመታ አዘዘ። ውባንተ ቆመ። ዘንግቶ መስሎት ሹሙ ራሱ መጥቶ መሬቱን በአለንጋ አሳየው። ውባንተ በትሕትና እጅ ነሥቶ እዚያው ቆመ። ልምምድ ስለሆነ በዚያ አለፈ። ሹሙ ግን ዙሪያውን ያየው የነበረው ሰዎቹ ስቀውበት እንደሆነ ለማወቅ ነበር። ጋሼ፣ ክፉ ሰው አይቻለሁ። በሰው ፊት ማፈርን እንዲህ የሚፈራ ሰው ግን ከክፉም ይብሳል። እንግዶቹ ሲመጡ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ከአንድ ሆድ ባንወጣ ኖሮ አልደፍርም ነበር። ልጁ የእኔን ምክር ይሰማል፤ የእርስዎን ግን ይፈጽማል። አንድ መስመር ይጻፉልኝ። «ወድቀህ ተነሣ፣ ልጄ» የምትል። አያት መሬት ውስጥ ሆኖ አይቀየምም፤ ልጅ ልጁ በሕይወት እንዲቀር የማይፈልግ አያት የለም።

መልሱን ዕለቱ ሳይደርስ ለአብዱልሀኪም ይስጡት።

የሻረግ

*

ገዳሪፍ፣ የካቲት 20 ቀን 1931 ዓ.ም.

እኅቴ፣

የለመንሽኝን አልጽፍም።

ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ ምክንያት ሳይሰጥ እንቢ የሚል ሰው አይደለሁም። አንቺ ስለ አንድ ቀን ትጽፊያለሽ። እኔ የማስበው ያ ሥዕል ስለሚኖርበት ዘመን ነው። እኔም አንቺም ዓሊም ካለፍን በኋላ አንድ ቤት ውስጥ ጨለማ ተደርጎ ልጄ በነጭ ጨርቅ ላይ ይወድቃል። ይነሣል፣ ይወድቃል። የሲኒማው መኪና በዞረ ቁጥር ይወድቃል። ካይሮ ስማር የሱዳንን ዘመቻ የሚያሳይ እንዲህ ያለ ሲኒማ አይቻለሁ። ከኋላዬ የተቀመጡት እየሳቁ ነበር ያዩት። አጠገቤ ዶንጎላ የተወለደ ጓደኛዬ ነበር፤ መብራቱ ሲበራ ፊቱን ማየት አፈርኩ።

ሹሙ ይገርፈዋል ብለሽ ፈርተሻል። ይግረፈው። ጅራፍ ይሽራል። ያሥረውም ይሆናል፤ ያን ጊዜ እንግሊዙ ዘንድ እጮኻለሁ፣ ጋዜጣ ላይ እጽፋለሁ። እንግዶች ፊት ከዚህ የበለጠ አያደርግም፤ መልካም መስሎ ለመታየት አይደል ይህን ሁሉ ያዘጋጀው?

ይህንንም አንብቢለት። ከወደቀ በኋላ ወደ ገዳሪፍ ቢሻገር በሬን አልከፍትለትም። ልጅ ነበረኝ እላለሁ።

ቃሌ ከበደሽ ይሆናል። ከብዶኝ ነው የጻፍኩት።

አለነ

*

መተማ፣ መጋቢት 19 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ አለነ፣

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? እኛ አለን። ድንበሩ ተዘግቶ ስለነበር ነው ድምፄ የጠፋው። ከድንበሩ ማዶ ገላባት የቀረው አብዱልሀኪም ራሱ ትናንት ነው ከቤቱ የገባ፤ ዛሬ ደግሞ ተመልሶ ይሻገራል፤ ስለዚህ ቸኩዬ እጽፋለሁ።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ሹሙ ዓርብ መሆኑን አልጠየቀም። እስላሞቹ ጁምዓ ቀርቶባቸው፣ እኛ ጾመን፣ ሁለቱም ጦር ተርቦ ተሰለፈ። ነፋሱ አመድ ያነሣ ነበር፤ ሰዉ የማሽላውን አገዳ ያቃጠለበት ጊዜ ነው። እንግዶቹ በዳስ ጥላ ተቀመጡ። አንዷ ሴት የገለባ ባርኔጣ ነበራት፤ ነፋስ ወሰደባትና የዓሊ ጦር ሰልፉን አፍርሶ አባረረው። ሲኒማ የሚያነሣው ሰው መኪናውን በሦስት እግር አቁሞ ቀኑን ሙሉ እጀታዋን ሲያዞር ዋለ። ጨዋታው ሳያልቅ ተበተነ። ጨውም አልታደለም።

ስመኝ ሰላም ትልዎታለች። ዓሊ ከቤት አይወጣም። ቤቱም አልተቃጠለ፣ እኔንም ማንም አልነካኝ።

ስለ ልጁ ስንቅ በአብዱልሀኪም ቃል ጠይቀውኝ ነበር። ለጊዜው አይላኩ። ፋሲካን በደኅና ያድርስዎ። ጾም በፈቱ ማግሥት በሰፊው እጽፍልዎታለሁ።

ሰውዬው ግመሉን አስነሥቷል። ይቅር ይበሉኝ።

የሻረግ

*

ገዳሪፍ፣ መጋቢት 27 ቀን 1931 ዓ.ም.

የሻረግ፣

ስለ ነፋሱ ጽፈሻል። ስለ አመዱ ጽፈሻል። ባርኔጣ የማን እንደሆነና ማን እንዳባረረው ጽፈሻል። የልጄን ስም አልጻፍሽም።

አብዱልሀኪም ወረቀትሽን ሰጥቶኝ አልተቀመጠም። ሃያ ዓመት ቤቴን ያውቃል፤ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ወጣ። ትናንት የአገራችን ሰዎች ወደሚሰበሰቡበት ስገባ ወሬው ተቋረጠ። አዛናው ሌሊት ሌሊት በሬን እየገፋ «ተኝተሃል?» ይለኛል። መተኛቴ ምን ግድ ሰጠው?

ወጉን አውቀዋለሁ። መርዶ በወረቀት አይላክም፤ ባዶ ሆድ፣ በማለዳ፣ ዘመድ ከቦ። ያደግሁበት ነው። እኔ ግን ወግ አልጠየቅሁሽም። ታሥሮ እንደሆነ የት እንደታሠረ ጻፊልኝ። ቆስሎ እንደሆነ የት ላይ እንደቆሰለ ጻፊልኝ። ከዚያ የከፋም ከሆነ ቀኑንና ሁኔታውን ጽፈሽ ላኪልኝ። እኔ ያልተረጋገጠ ነገር ይዤ መኖር የማልችል ሰው መሆኔን ከማንም በላይ አንቺ ታውቂያለሽ።

አለነ

*

መተማ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ አዛናው፤ ገዳሪፍ።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። በዓይን ሳንተዋወቅ ይህን ከባድ ነገር ስላሸከምኩዎ ይማሩኝ። ከእርስዎ ሌላ እዚያ ለወንድሜ የሚቀርብ ሰው የለኝም። አብዱልሀኪምን እንዲያረዳ ለምኜው ነበር፤ «እኔ የገዳዩ አባት ተብዬ በተጠራሁበት ጉዳይ እንዴት አፌ ይከፈታል?» ብሎ አለቀሰ። ልጁ ዓሊ የሠራው ጥፋት የለም። የሆነውን እነግርዎታለሁ።

ዓሊ እንደታዘዘው በእንጨት ሰይፉ ነካው። ውባንተ አልወደቀም። ከመጀመሪያው እንዲጀመር ታዘዘ። ዓሊ ዳግመኛ እየሮጠ መጥቶ ተጠመጠመበትና «ተኛልኝ ወንድሜ፣ ማታ እንስቅበታለን» አለው። ውባንተ «አባቴ አትውደቅ ብሎኛል» አለው። ሁለቱ ተያይዘው ሲታገሉ የጣሳው ዘውድ ወድቆ ተንከባለለ፣ እንግዶቹም ሳቁ። የሳቁት በሹሙ ነው። ሹሙ ከዳሱ ወጥቶ ዓሊን በእጁ ገፍቶ ካስለቀቀው በኋላ ልጃችንን በሽጉጥ ራሱ ጣለው። መኪናዋን ማዞር አቁሞ የነበረው ሰው መልሶ ማዞር ጀመረ።

ከዚያ አስተርጓሚው ወደ እኛ ሮጦ «አሁን አልቅሱ! አሁን!» አለን። አላለቀስንም። ለእነሱ ሲኒማ እንባችንን አልሰጠንም፤ ጅራፉም መጣ፣ ተቀበልነው። ሬሳውን ስንለምን እዚያው ሜዳ እንዲቀበር ታዘዘ፤ የቆፈረው ዓሊ ነው፤ ካህን አልፈታውም። እቤቴ ገብቼ ጠጉሬን ስፈታ ወታደር መጣና ለሽፍታ አይለቀስም አለኝ። በደጄ ዘብ ቆመ። ሕያው ሳለ አልቅሱለት አሉን፤ ከሞተ በኋላ ከለከሉን። እስከ ዛሬ በመተማ አንዲት ሴት ስሙን ጮክ ብላ አልጠራችም።

ወንድሜ ይፈስክ ብዬ ነው እስካሁን የቆየሁ። አሁን ሰው ሰብስበው በማለዳ ይግቡ። ቢላዋና ምላጭ ከቤቱ ያንሡ። ጠንካራ ሰው በግራ በቀኙ ይሁን፤ ሲያዩት ቀጭን ነው እንጂ ሲቆጣ አይቻልም። ከነገሩት በኋላ ብቻውን አይተዉት፤ መጽሐፍ ካነሣም ይቀሙት፤ በንባብ ተሸሽጎ ሳያለቅስ ይቀራል።

የመጨረሻ ልመናዬ ይህ ነው። ልጁ እንዳይወድቅ በሁለት ደብዳቤ አዞ ነበር። እኔ ሁለቱንም ደብቄ እንዳላነበብኩለት፣ ልጁ የቆመው በገዛ ልቡ እንደሆነ ይንገሩልኝ። እውነቱን ለእርስዎ ብቻ ልናገር፤ አንብቤለታለሁ። የሁለተኛውን መጨረሻ ልዘል አስቤ ነበር። ፊቴን አይቶ «አክስቴ፣ ሙሉውን» አለኝ። እኔ ከኃጢአቴ ጋር እኖራለሁ። እሱ ግን ያን ካወቀ አይኖርም።

የሻረግ

*

ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1931 ዓ.ም.

እኅቴ የሻረግ፣

አዛናው ያዘዝሽውን ሁሉ ፈጽሟል። ገና ጎህ ሲቀድ ያልጠራሁት ሰው ቤቴን ሲሞላው፣ አፉን ሳይከፍት አወቅሁ። ሰዎቹ ያዙኝ። መያዝ ያስፈልገኝ ነበር።

ደብዳቤዎቼን ደብቀሽ እንደነበር ነገረኝ። ሰው ፊት ነበርና «ይሁን» አልኩት። ለአንቺ ግን እንዲህ እንዳመንኩ ሆኜ አልጽፍም። አብዱልሀኪም ከዚያ ዓርብ አስቀድሞ ተሻግሮ ነበር፤ የልጁን መልእክት በቃሉ አድርሶኛል። «ሁለቱንም ሰምቻለሁ፤ አልወድቅም፤ በሩን እንዳይዘጋብኝ በልልኝ።» ይህን ሰምቼ ኮራሁ። ያን ዕለት ግቢውን እየዞርኩ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። አዛናው አንቺ የላክሽውን ውሸት ሲነግረኝ ይህን ከአፌ የሰማ ሰው ነው፤ ሁለታችንም ዓይናችንን አልሰበርንም።

እንግዶች ፊት ከጅራፍ የበለጠ አያደርግም ብዬ ነበር። ሰው የማውቅ መስሎኝ ነበር። አንቺ ያየሽውን ጻፍሽልኝ፣ እኔ ያነበብኩትን መለስኩልሽ። ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ መስጠት የሚችለው አንቺ አይደለሽም። አንቺ ኃጢአት የለብሽም። ያነበብሽው እኔ የጻፍኩትን ነው።

አሁን የምትፈጽሚውን ስሚ። ገላባት ያለው የእንግሊዝ ሹም ዘንድ ገብቼ ነበር። ለቅሶ እንድንቀመጥ ፈቅዷል፤ ድንበር ላይ ጩኸት እንዳናበዛ ግን አሳሰበ። ዝም ያለ ለቅሶ በእኛ ቋንቋ የለም አልኩት። እሱም «እንግዲያው ከኾሩ፣ ከድንበሩ ወንዝ፣ መሐል እንዳትሻገሩ» አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ከገላባት ወርደን በወዲህኛው ዳር እንቆማለን። አዛናው የሳንጃና የአርማጭሆ ሰዎችን ይዞ ይመጣል። አብዱልሀኪም ድርቡሽ ሆነው በተሰለፉት ልጆች ምትክ በወዲህኛው ዳር ያሉ ዘመዶቻቸውን ይዞ ይመጣል፤ «እኔ ካልቆምኩ ማን ሊቆም ነው» አለኝ። አልቃሿ አርማጭሆ የተወለደች ናት፤ ድምጿ ከአንድ ተራራ ሌላ ተራራ ይደርሳል። ስሙን ትጠራዋለች። ኾሩ ደርቋል፤ በመካከላችን አሸዋ ብቻ ነው፤ ምሽጉ ድረስ ይሰማል።

አንቺ፣ ስመኝና ሙሚና ውሃ እንደሚቀዳ ሰው ሆናችሁ ማድጋችሁን ይዛችሁ ወደ ጭሮሹ፣ አሸዋው ላይ ወደተጫረው የውሃ ጉድጓድ፣ ውረዱ። ወታደሮቹ ያያሉ። ደረት አትምቱ። ነጠላ አታዘቅዝቁ። ልብሳችሁ የገበያ ልብስ ይሁን። እኛ እናለቅሳለን፤ እናንተ አሸዋውን እየጫራችሁ ስሙ። ማድጋሽ ሲሞላ ተሸክመሽ ወደ ቤትሽ ግቢ።

ወደ ማዶ አትመልከቺ። ፊትሽን ካየሁ እሻገራለሁ።

አለነ